ነሐስ ጥርስ ይሰብራል

ነዝሃ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ነገ ልጇ ሱሃድ የአያቷን የሙሽርነት ቆብ ደፍታ ትዳራለች፤ ቆቡ ላይ የተሰፉት ሳንቲሞች ግን የነሐስ አምሳያዎች ናቸው። እውነተኞቹን ወርቆች ነዝሃ እናቷ በሞቱ በዓመቱ ሸጣቸዋለች። ይህን የሚያውቅ የለም።

እናቷ ወርቅን የሚፈትኑት ነክሰው ነበር። «ወርቅ ጥርስ ያስገባል፣ ነሐስ ጥርስ ይሰብራል» ይሉ ነበር፤ አንዱን የፊት ጥርሳቸውንም ያጡት ሐሰተኛ ሳንቲም ነክሰው ነው።

የመጨረሻዋን ሳንቲም ሰፍታ ክሩን በጥሳ ቆቡን ትራስ ላይ ስታስቀምጥ ጎረቤቷ ኡሙ ነቢል ብቅ አለች።

«ውይ፣ ሲያምር! እናትሽ ቢኖሩ ግን አንድ በአንድ ሳይነክሱ አይለቁሽም ነበር።»

«ተይ እንጂ!» አለች ነዝሃ፣ ልትስቅ እየሞከረች። «የሞተ ሰው በምኑ ይነክሳል?»

ኡሙ ነቢልን እስከ በር ሸኝታት ተመለሰች። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ቆቡ እዚያው ትራሱ ላይ ነው፤ አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

ሳንቲሞቹ ሁሉ ተነክሰዋል። በእያንዳንዱ ነሐስ ላይ የጥርስ ረድፍ ታትሟል፤ መሃሉ ላይ የአንዲት ጥርስ ክፍተት አለ።

በጣቷ ዳሰሰችው። ገና እርጥብ ነው።