ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ሕጉ አጭር ነበር። በአሮጌ መኪኖች የረጅም ጉዞ ውድድር የሚሰለፍ ሁሉ ወይ በወረቀት ካርታ ወይ በጂፒኤስ ይመራል፤ ሁለቱንም መያዝ አይፈቀድም። የትኛውን እንደመረጠ እስከ ዓርብ ቀትር በክለቡ ቢሮ ቀርቦ ያስመዘግባል።

በእነሱ ቤት ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ባልየው ይነዳል፤ ሚስትየዋ ከጎኑ ተቀምጣ ካርታ ታነባለች። በመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ስትነድፍ የኖረች ሴት ናት። «እሜቴ» የሚሏት የስልሳ ዓመት መኪናቸው አሥራ አንድ ጊዜ ወጥታ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሳለች። አንዴ የተመለሰችው በገመድ ተጎትታ ነው፤ እሱ አይነሳም።

ሰኞ ቁርስ ላይ ባልየው ሻዩን ከስኒው ውጭ አፈሰሰና፣ «ዘንድሮ በጂፒኤስ ብንሄድስ?» አለ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ!» አለች ጠረጴዛውን እየወለወለች። «ካርታዬ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ጽሑፉ ደቃቃ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ይናገራል።»

«እኔስ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ?»

ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። የከነከናት ይኸው ነው። በአርባ ዓመት ትዳራቸው ካሳቀችው በኋላ ያልተሸነፈበት ቀን አልነበረም።

ነገሩን አወጣች አወረደች። ጂፒኤስ ካለ ካርታ አንባቢ አያስፈልግም። ካርታ አንባቢ ካላስፈለገ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ክፍት ነው። ያን ወንበር ደግሞ ለዓመታት ሲመኝ የኖረ ሰው አለ፤ መካኒካቸው። ቁመቱ ከእሷ አይበልጥም፤ ለዚህም ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል።

ለሌላ ሰው ውድድሩ ስምንት ቀን አቧራ መቃም ነው። እሷ ግን ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዓመቱን የምትገፋው እነዚያን ስምንት ቀናት እያሰበች ነበር። «እዚህ ጋ ታጠፍ» ስትል የሚታጠፍላት ሌላ ነገር በሕይወቷ አልቀረም።

በማግስቱ እህቷ ደወለች። «ባልሽ ገበያ መሐል ፊት ለፊት አግኝቶኝ እንዳላየ አለፈኝ። ምን በድዬው ነው?»

ባልየው ሲጠየቅ፣ «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላየኋትም» ብሎ ማለ። ሊበድል ያሰበ ሰው የሚስቱን ዘመድ እንደሚሸሽ ግን ማንም ያውቃል።

ረቡዕ እሜቴን ዘይት ሊያስቀይሩ ወጡ። «አንቺ ንጂያት፤ ወገቤን ይዞኛል» አለ። ይህ ወገብ ከያዘው ሁለት ወር ሆኖታል። ገብታ ስትቀመጥ የሹፌሩ ወንበር ወደ ፊት ተጠግቶ ታስሯል። ከጀርባዋ ትራስ ሳታደርግ ፔዳሉ ደርሶላት አያውቅም፤ አሁን ግን እግሯ ዘና ብሎ ደረሰ።

«ይሄን ማን አስጠጋው?»

«ብሎን።»

«ለማን?»

«መንገዱ ረጅም ነው» አለ ባልየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

እሱና ብሎን ተራ በተራ ሊነዱ ነው፣ አለች በሆዷ። ጋራዡ ደርሰው ባልየው እጁን ሊታጠብ ሲሄድ መካኒኩን ጥግ ያዘችው።

«ዘንድሮ አንተም ትሄዳለህ አሉ?»

ብሎን ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «እትዬ፣ እሱን ጋሼን ይጠይቁ። እኔ ምላሴን ታስሬያለሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች እርግጠኛ ሆነች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመኪና ማቆሚያው ድምፅ ሰማችና በበሩ ስንጥቅ አየች። ባልየው እሜቴ ውስጥ፣ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጂፒኤሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶታል፤ ዓይኖቹን ጨፍኗል።

«ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ይላል መሣሪያው።

«ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ» ይላል እሱ ተከትሎ።

የእኔን ቦታ ለሰው እየለካ ነው፣ አለች። ወጥ ቤት ገብታ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያ ሳህኖቹን አጠበች። ታጥበው የተቀመጡ ነበሩ።

ዓርብ ማለዳ ባልየው ወጥቷል። መኪና ደጅ ቆሞለት በታክሲ! ካርታዎቿን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችና ተከተለችው። ሰው እያየ የሚያባርረኝ እንደሆነ እስቲ ያባርረኝ፣ እያለች።

ባልና መካኒክ በክለቡ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብሎን ከሩቅ አይቷት ተነሣ። ባልየው ግን አጠገቡ ቆማ ጉሮሮዋን እስክትጠርግ ቀና አላለም።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔው ነኝ። ስመጣ አልታየሁህም?»

መልስ አልጠበቀችም። በቀጥታ ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ሄደች።

«የእሜቴ ካርታ አንባቢ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት» አለች። «ስሜን የሰረዘው ማን እንደሆነ ንገረኝ።»

መዝጋቢው ወረቀቶቹን አገላበጠ። መነጽሩን አስተካክሎ አንዱን ቅጽ እስከ ታች አነበበ።

«ልክ ነዎት፤ በዚያ ቦታ የተመዘገቡት እርስዎ አይደሉም» አለ፤ ቅጹንም አዙሮ ሰጣት።

በመንገድ መሪ ቦታ የባሏ ፊርማ ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዶ ተፈርሟል፤ በሹፌር ቦታ የተጻፈው ስም የእሷ ነበር።