አምስተኛው ክር

ሚልኬሳ በሩን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሄዶ ይመለስና እጀታውን ነቅነቅ የሚያደርግ ሰው ነው። አምቦ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን መልስ እንኳ እንደገና ሳያሰላ አያጠፋም። ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. ጊታርና የመቅረጫ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲገዛ ሁሉም ተገረመ፤ እሱ ራሱም ጭምር።

ማይክሮፎኑንና ሳውንድ ካርዱን ከአዲስ አበባ አመጣ። ጊታሩን ግን የሸጠለት ፈይሳ ነው። ሁለቱ አብረው ያደጉ፣ በአንድ መዘምራን ቡድን የሚያገለግሉ ጓደኛሞች ናቸው። ፈይሳ የጤና ባለሙያ ሲሆን እጃጂ ወደምትባል ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሊሄድ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል።

"መዝሙራችን ያለ እኔ መቀረጹ ካልቀረ፣ ጊታሬ እንኳ ይኑርበት" አለና እያቅማማ አስረከበው።

ሚልኬሳ የሚኖረው አክስቱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለበጠ፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ያለውን አንድ ወንበር ኮምፒውተሩ ስለያዘው፣ የሚጫወተው አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው። አክስቱ ወይዘሮ ጌጤነሽ ከሱቃቸው የተረፈውን ሁሉ፣ የሽንኩርቱን ጆንያ፣ የተሰበረውን ሚዛን፣ የባዶ ጠርሙሱን ሣጥን፣ የሚያጉሩት እዚያው አልጋ ሥር ነበር።

ጊታሩ ከጠበቀው በላይ ሆነለት። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ ክሩ ጣት አይበላም። ሚልኬሳ መቅረጫውን ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋና ክሮቹን አንድ በአንድ መታቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ከድምፁ ኋላ አንድ ነገር ተከተለ።

ዝዝዝ።

መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው። "ጆሮዬ ይሆን?" አለ። የእጅ ሰዓቱን አወለቀ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ አምፖሉን አጠፋ፤ ማይክሮፎኑን ወዲያ ወዲህ አዛወረ። አዲስ ክርም ቀየረ። አልጋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና መታው።

ዝዝዝ።

በማግስቱ ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ድምፅ የሚያስተምርበት ቀን ነበር። አንዱን የድምፅ መቃኛ ሹካ መትቶ፣ አጠገቡ ያለው ያልተመታው ሹካ ሲንቀጠቀጥ አሳያቸው፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሱ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። ደወሉ ሲደወል ጊታሩን አንግቶ መዘምራኑ ወደሚለማመዱበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ገሰገሰ።

ፈይሳ አቤቱታውን ሰምቶ ጊታሩን ተቀበለ፤ የመቃኛ ቁልፎቹን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረገና ቆሞ ተጫወተ። ድምፁ ጠርቶ ወጣ።

"የታለ ታዲያ?"

ሚልኬሳ ተቀብሎ ሞከረው። ምንም የለም። "ቤት ስሆን ነው የሚለው" አለ።

"ያ ሚልኬ! ጊታሩ ሰው ፊት ያፍራል እያልከኝ ነው?"

መዘምራኑ በሳቅ ፈነዱ። ሚልኬሳ አልሳቀም። ዓይኑ ፈይሳ በጠመዘዛቸው ቁልፎች ላይ ነበር። አሁን ምን አደረገበት? ጉድለቱን የማያውቅ ሰው ምን ነካክቶ ሊያስተካክለው ይችላል?

ቤት ገብቶ አልጋው ላይ ሲቀመጥ ያው ድምፅ ጠበቀው። የፈይሳ ጥገና እስከ ቤት እንኳ አልዘለቀም ማለት ነው።

በሚቀጥለው ልምምድ የቀረጸውን ለመዘምራኑ ሁሉ አሰማ። የቡድኑ መሪ ለንሳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

"ይሄ የእኔ ጊታር ድምፅ አይደለም" አለ ፈይሳ።

"አንተ የሸጥክልኝ ነው።"

"ማል ጄታ፣ ምን እያልክ ነው? እያወቅሁ ሸጥኩልህ ነው የምትለው?"



"ሚልኬ" አለች ለንሳ ቀስ ብላ፣ "በደንብ አጣርተሃል? ወንድምህ ነው እኮ።"

"ያልሞከርኩት ነገር የለም" አለ ሚልኬሳ። ከዚያም ወደ ፈይሳ ዞሮ፣ "አዎ፤ እያወቅህ ነው" አለው።

ፈይሳ ገንዘቡን በዚያው ቀን መለሰ፤ ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። ቅዳሜ ወደ እጃጂ ሲሄድ አብሮት ካደገው ሰው በቀር ሁሉንም ተሰናበተ።

ሚልኬሳ በሌላው ሳምንት ሰኞ አዲስ ጊታር አመጣ። እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ድምፁ ግን የቆርቆሮ ነው። ይሁን። አልጋው ላይ ተቀምጦ አምስተኛውን ክር መታ። ጠራ። ደጋግሞ መታው። ጠራ።

ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት ያህል ተነፈሰ። ስንት ቀን እንቅልፍ ነሥቶት ነበር! "ሰው በድዬ ይሆን?" እያለ ሲብሰለሰል ከርሞ፣ ይኸው በጆሮው አረጋገጠ። ስልኩን አወጣና ለፈይሳ ጻፈ፤ "አዲሱ ጊታር ምንም አይልም። ቂም ግን አልያዝኩብህም። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ንስሐ ግባ።" በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈውን መልሶ ሳያነብ ላከው።

ወይዘሮ ጌጤነሽ በሩ ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ በክርናቸው ገፍተው ገቡ። ሁለት እጃቸው የጠርሙስ ሣጥን ይዟል።

"ምነው አዳዳ፣ እኔ ልያዝልዎት" አለ ሚልኬሳ ለአክስቱ ብድግ ብሎ።

"ተወው፣ ባዶ ጠርሙስ ነው። የአምቦ ውኃ መኪና ባለፈው ዓርብ ከአልጋህ ሥር ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ጠርጎ ወስዶልኝ ነበር፤ ይኸው ደግሞ ሞላ። ሱቁ ውስጥ መተላለፊያ አጣሁ።" ሣጥኑን በእግራቸው እየገፉ አልጋው ሥር ወደ ቦታው መለሱት። "አንተ ተጫወት ልጄ፤ እኔን ምንም አይረብሸኝም።"

ሚልኬሳ ተመልሶ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ማዳመጫውን ደፋና ለመጨረሻ ጊዜ ደስ እንዲለው አምስተኛውን ክር መታ።

ዝዝዝ።