የባድሩ ማሽን «ሟች» አልል አለ

ይህን ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የሞተን ሰው ስም ከተበላሸ ዕቃ ጋር ማንሳትማ የነውር ነውር ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የወሬውን ግማሽ ሐይቅ ከተማ ሁሉ ሰምቶታል፤ ሐሜት ደግሞ በግማሽ ከሚቀር ሞልቶ ቢነገር ኃጢአቱ ይቀላል ብዬ ነው።

ባድሩ ከአስፋልቱ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። ሐምሌ ላይ አስም አፍኖት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። የጀመረው ማመልከቻ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚስቱ ኑርሀያት ኢዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን ጨርሳ ቤቱን ከፈተች፤ ሁለቱ ሴት ልጆቿ የሚበሉት ከዚያው ነው።

ወንድ ልጅ ስላልነበረው ወንድሞቹም ድርሻ አላቸው። ውጫሌ የሚኖረው ታላቁ ኡበይድ «ቤቱ ከነማሽኑ ተሽጦ እንካፈል» አለ። ሽያጩን እንዲያስፈጽም ታናሹን ጠሃን ላከ። ጠሃ ታላቅ ወንድሙን በስልክ እንኳ ቆሞ ነው የሚያነጋግረው።

«እትዬ፣ እንግዲህ ወንድም ጋሼ አዝዟል» አላት ኑርሀያትን፣ መሬት መሬት እያየ።

«ልጆቹንስ ምን ላብላቸው?»

«እሱን እንኳ ወንድም ጋሼ አልነገረኝም።»

ገዢ ተገኘ። ወንዱ የሚባል ነጋዴ ነው፤ በቅሎ ሲገዛ ጭኖ ሳያስኬድ ኪሱን አይነካም። አሁንም «ውሉ በራሱ በማሽኑ ተጽፎ ይታተም። ወረቀቱ ከወጣ ፈረምኩ፤ ካልወጣ ቀረ» አለ። ደግሞም ማሽኑ ዘገምተኛ ነውና ሜሞሪው ይቀየር አለ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዝናቡ አዲስ ሜሞሪ ገጠመ። ማሽኑ ጧቱን ሙሉ ሲሠራ አረፈደ። ከሰዓት በኋላ ለውሉ ተሰበሰቡ። ቤቱ ጠባብ፣ ወንበሩ ሁለት ነው። አንዱ ላይ ወንዱ፣ አንዱ ላይ ለመተየብ ኑርሀያት ተቀመጡ። ለታላቅ ወንበር መልቀቅ ያደገበት ጠሃ ከጠረጴዛው ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ኑርሀያት የምትጽፈውን ጮክ ብላ እየጠራች «ሻጭ፦ የሟች» ብላ የባሏን ስም ልታስከትል ስትል ማሽኑ ድርግም አለ። የቤቱ አምፖል ግን እንደበራ ነው።

ዝናቡ «አዲሱ ሜሞሪ አልተስማማውም» ብሎ አሮጌውን መለሰ። «ሟች» ላይ ድርግም። ፓወር ሰፕላዩን ቀየረ። ድርግም። ሃርድ ዲስኩን፣ ማራገቢያውን፣ በመጨረሻም ማዘርቦርዱን ቀየረ። ዕቃውን ደሴ እየተመላለሰ የሚያመጣው ጠሃ ነው፤ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ወንድም ጋሼ ቆጣ ብሏል» እያለ ሰው ያጣድፋል። ዕቃው ከደሴ እስኪመጣ ደግሞ ያ ማሽን የተማሪ ፈተና፣ የሠርግ ጥሪ ሲያትም ይውላል።

አሮጌው ማራገቢያ እንደ ባድሩ ደረት ሲር ሲር ይል ነበር። አዲሱ ድምፅ የለውም። ኑርሀያት አልወደደችውም።

«አሁን ደግሞ የሚያዳምጥ ይመስላል» አለች።

ወንዱ ግን ነጋዴ ነው። «ሴትየዋ ናት! እሷ ትውጣና እንየው!» አለ።

ወጥታ ከአስፋልቱ ማዶ ቆመች። ከሐይቁ የተነሣው ጉም መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ከእሷ የሚታየው ሻሿ ብቻ ነው። ዝናቡ ራሱ እየጠራ ተየበ። «ሻጭ፦ የሟች...»

ድርግም።

በማግስቱ ወንዱ ከእስጢፋኖስ ጠበል ይዞ መጣ።

«ኧረ ጋሼ ወንዱ! ውሃ ቦርድ ላይ አይረጭም፣ ይቃጠላል!» ዝናቡ በደረቱ ከለለው።

«እንግዲያ እኔ ላይ ልርጨው» ብሎ ራሱን አጠመቀ።

ጠሃም በበኩሉ ሸህ ጠርቶ ነበር። ሸሁ ቁርአን ቀርተው ሲጨርሱ ዝናቡን ጠየቁት።

«ከባድሩ ጊዜ የቀረ ምን አለው?»

«የውጭ ቆርቆሮው ብቻ።»

«እንግዲህ ጂን ከሆነ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ሩህ፣ የሟቹ ነፍስ ከሆነ ግን ዕቃ አይፈልግም፤ ሐቁን ነው የሚፈልገው።»

ለመጨረሻ ጊዜ ሞከሩ። «ሻጭ፦ የሟች...» ጨለመ። ጠሃ ከጠረጴዛው ማዶ ፊቱ አመድ መስሎ ጮኸ።

«ወላሂ ሲተነፍስ ሰማሁት! ወንድሜ ነው!»

«በስመአብ!» አለና ወንዱ ጃንጥላውን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፈም።

ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ውጫሌ ገባ። በሦስተኛው ቀን ኡበይድ ደወለ። ጠሃ ብድግ አለ።

«ጠሃ፣ ባድሩ በቁጣው መጣ አሉ?»

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ።»

ኡበይድ ይቅርታ ለመነ። «አውፍ ይበለኝ። ድርሻዬን ለልጆቹ ትቻለሁ፤ የአንተንም ተው። ቤቱ አይነካ፤ ይህንንም ጽፋችሁ አምጡልኝ።»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ።»

ኑርሀያት «ለሟች ባድሩ ልጆች» ብላ ጻፈች። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱ እስከ ማኅተሙ ቦታ ድረስ ታትሞ ወጣ። በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ «ረካ፣ አላህ ይዘንለት» ተባለ። ዝናቡ እስከ ዛሬ ያንን ማሽን ቢስሚላህ ሳይሉለት አይከፍተውም፤ እሱ ደግሞ ክርስቲያን ነው።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙት። ኡበይድ ከሰማ፣ ጠሃን ጣቱን ከማሽኑ ጀርባ ካለው ማጥፊያ ላይ እንዲያነሣ ያዝዘዋል፤ ጠሃ ደግሞ ታላቅ ወንድሙን እምቢ ብሎ አያውቅም።