ያልታሰበው ልጅ

የቼዝ ተጫዋቾች በድብቅ ከማሽን ምክር እንዳይቀበሉ ሲባል፣ በዓመቱ ውድድሮች ሁሉ የሚያስቡት ነገር ከአእምሯቸው በመሣሪያ ተነብቦ በቀጥታ ለሕዝብ ይሰማል። ልዑልሰገድ ውድድሩን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትርሲት እራት አቅርባለት ሳትቀመጥ ቆመች።

«ከአገር አገር ስትዞር አንድም ጨዋታ ሳያመልጠኝ ሰማሁህ። ኪሩቤልን አንዴ እንኳ ሳታስበው ዓመቱ አለቀ። አፈሩ ሳይደርቅ ልጃችንን ረሳኸው?»

«ሐዘኔን ዓለም እንዳይሰማብኝ ብዬ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ፊቱ ድቅን ባለብኝ ቁጥር ሐሳቤን ወደ ቼዙ ፈረስ እመልሰዋለሁ።»

«እዚህ ከእኔ በቀር ማንም የለም።» የልጃቸውን ኩባያ ከመደርደሪያው አውርዳ ፊቱ አኖረችለት።

ልዑልሰገድ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፤ የልጁን ፊት ጠበቀ። ጠበቀ።

የመጣለት ጥቁሩ የቼዝ ፈረስ ነበር።