የጀልባዋ ግራ ጎን

ሻምበል ፍሰሃጽዮን፣ ባሻ ረዳ፣ መካኒክ ኣንገሶም፤ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይላችንን መርከቦች ሆድ የሚመረምሩት እነርሱ ነበሩ። እነርሱ «ይሁን» ሳይሉ አንድም መርከብ ከጥገና ወደ ውሃ አይመለስም። እኔ የእነርሱ ደቀ መዝሙር ነኝ። ዛሬ የቆምኩት ግን ሮማ፣ ኦስትያ፣ የቴቬሬ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት የጀልባ መጠገኛ ውስጥ፣ ከእህቴ ልጅ ከናቲ ጎን ነው።

ናቲ የብረት መፋቂያ ይዟል። ከስድስት ወር በፊት በዚህች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሆድ ላይ የለጠፈውን ሽፋን ሊያነሣ ነው። ሽፋኑ መርዝ የለበትም፤ ዛጎልና አረም እንዳይጣበቅበት እንደ ሻርክ ቆዳ በጥቃቅን ቅርፊቶች ተሞልቷል። የቀኙ ጎን እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። ግራው የአረምና የዛጎል ጢም አብቅሏል።

«በቃ፣ ወድቋል» ይላል። «ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምረኝ ፕሮፌሶሬ ‹አልሠራም› ብዬ እጽፋለሁ። ባለቤቱም ነገ በድሮው መርዛም ቀለም ይቀባታል።»

«ግራው ብቻ ለምን ሆነ?»

«ፀሐይ የሚመታው በዚያ በኩል ነዋ። አሎራ፣ እንግዲህ አረሙ በረታ።»

«ዛጎልስ ፀሐይ ይሞቃል?»

«ጋሼ፣ ይሄ ሳይንስ ነው፤ ምጽዋ አይደለም።»

«ሻርኩም ዩኒቨርሲቲ አልገባም» እላለሁ፤ ኮቴን አውልቄ አስይዘዋለሁ።

በቀኙ ጎን መዳፌን ከፊት ወደ ኋላ እሰዳለሁ፤ እንደ ሐር ይንሸራተታል። ወደ ግራው ዞሬ ዛጎል ያልያዘውን ሥፍራ በዚያው አኳኋን እዳስሳለሁ። እንደ ሞረድ ይይዘኛል። ከኋላ ወደ ፊት ስመልሰው ሐር ይሆናል። የሻርክ ቆዳ ከራሱ ወደ ጅራቱ ለስላሳ፣ ከጅራቱ ወደ ራሱ ምላጭ መሆኑን የተማርኩት በደማ እጅ ነው።

«መዳፍህን አምጣ።»

ያቅማማል። ይዤ በሁለቱም ጎን አስኬደዋለሁ። በግራው ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በራሱ ይሞክረዋል። ጆሮው ይቀላል።

የጀልባዋ ባለቤት ከበሩ ይጣራል፤ «ትፍቀዋለህ ወይስ አትፍቀውም?»

ናቲ መፋቂያውን መሬት ያስቀምጣል። «አልፍቅም። ግራውን ብቻ ልለውጥ፤ አንድ በጋ ጨምርልኝ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እስከ መስከረም። ግን ጥፋቱ የማን ነው? የሽፋኑ?»

ሠራተኞቹ ቀና ይላሉ። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ አይመለከትም፤ ኮቴን በክንዱ ላይ አስተካክሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«የእኔ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»