የጉንዳኖቹ ውለታ

ጣቱ ሁለቴ በመርፌ ተወግቶ ደም አልወጣውም። ቡንሎት ዕድሜውን ሙሉ ዘንባባ እየወጣ ጣፋጭ ፈሳሹን ሲቀዳ፣ ከእሱም ስኳር ሲያፈላ የኖረ ሰው ነው፤ ጣቶቹ እንደ ዛፉ ቅርፊት ጠጥረዋል። “አባባ፣ ይሄ ጣት ነው ወይስ ቀንድ?” አለች የመንደሩ ጤና ኬላ ነርስ እየሳቀች። ሚስቱ ላማይ ከኋላው ቆማ፣ “ግትርነቱ ጣቱ ድረስ ወርዶ ነው፣ ልጄ” አለች። እሱማ ከተመረመረም የፈለገው እሱን ማንም በማያውቅበት የከተማ ሆስፒታል ነበር፤ ስኳር ሠሪውን ስኳር ያዘው ተብሎ እንዳይሳቅበት። በባዶ ሆዱ እየጎተተች እዚህ ያመጣችው እሷ ናት።

ነርሷ የትንሿ ጣቱን ጎን አሸት አሸት አድርጋ ወጋችው፤ ደሙ ጠብ አለ። የስኳር መለኪያው ቁጥሩን አወጣ። “ከፍ ብሏል፣ አባባ። ከክንድዎ ደም ወስደን ደግሞ እናረጋግጣለን። ግን አይዞዎት፣ ሳይረፍድ ነው የደረሱት። ለመሆኑ ምን ጠርጥረው መጡ?” ቡንሎት አቀረቀረ። ላማይ በእሱ ፈንታ መለሰች፤ “ጉንዳኖቹ ናቸው። ድስት ሙሉ ስኳር ትተው፣ እሱ ጓሮ የሸናበት ላይ ሰፍረው አየኋቸው።”

ይህን ስትል አንዲት ጉንዳን ጠረጴዛው ላይ ብቅ አለች። የቡንሎት አውራ ጣት እንደ ልማዱ ሊደፈጥጣት ተነሣ፤ ስኳር ሠሪ ጉንዳን አይምርም። ግን ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የተወጋውን እጁን ቀስ አድርጎ ከመንገዷ አነሣላት።

“እለፊ፣ ባለውለታዬ” አለ። ሲናገር ግን የሚያየው ላማይን ነበር።