ጆሮሽን ያዢ

እናት ለልጇ ለናርዶስ ስድስት ነርሰሪ ዞራ አንዱንም አልወደደችውም። አንዱ መሮጫ ግቢ የለውም፤ ሌላው ገና አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናትን የቤት ሥራ ያሸክማል። ሰባተኛው ግን አሸዋ አለው፣ ተረት አለው፣ የሚስቁ መምህራን አሉት። ልቧን ወሰደው። ችግሩ፣ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይቀበልም፤ ናርዶስ ደግሞ ገና ሦስት ዓመቷ ነው።

የልደት ካርድ ሲጠይቋት «ወረዳው ሲስተም የለም ብሎን ነው ያላመጣነው» ትላለች። ልጇን ግን ሳምንቱን ሙሉ ስታስጠናት ሰነበተች።

«ስንት ዓመትሽ ነው ሲሉሽ?»

«አራት!»

«ጎበዝ፣ የኔ እናት!»

ቀኑ ደረሰና ናርዶስ ርዕሰ መምህርቷ ፊት «አራት!» ስትል እናት በረጅሙ ተነፈሰች። ርዕሰ መምህርቷ ፈገግ ብለው ጨዋታ ጀመሩ።

«እስቲ አፍንጫሽን ያዢ!»

ያዘች።

«ሆድሽን ያዢ!»

ያዘች።

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ጆሮሽን ያዢ!»

የናርዶስ እጅ መንገድ ላይ ቆመ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እነሱ ቤት ጆሮውን የሚይዘው የዋሸ ሰው ብቻ ነው። ደንቡን ያወጣችው ደግሞ እናቷ ናት።

«እማዬ» አለች ለንቦጯን ጥላ፣ «አራት በይ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? አንቺው ያዢ!»